መርፌው እስኪቆም

ኅዳር 3

ለሊቁ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ይኼንን የምለው ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር እንጂ ደህና ሆኜ አይደለም።

ለጥያቄህ፦ አይ፣ የስልኩ መስመር አልተቋረጠም፤ ጆሮህ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስልክ ላይ አንድ ነገር ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። ገና አፌን ስከፍት «እትዬ፣ ነገሩ እንደሱ አይደለም» ትላለህ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ የማውቀው ግን እኔ ነኝ፤ በየቀኑ የአባባ አልጋ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝና። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምንነጋገረው በደብዳቤ ነው። ሳምንት ይፍጅ እንጂ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ትናንት ሐኪሙ ቢሮው ጠራኝና ባለፈው ወር ለአራት ቀን መጥተህ በነበረ ጊዜ የጻፍከውን ወረቀት አሳየኝ። «ሕመምተኛው ስለ ራሱም ሆነ ስለ አካባቢው እንደሚያውቅ የሚያሳይ ምንም ምልክት አልተገኘም» ይላል። ከሥሩ ማዕረግህ፣ ማህተምህ፣ ፊርማህ። «ሕመምተኛው» የተባለው አባባ ነው። ወንድ ልጁ፣ ያውም የንቃተ ህሊና ተመራማሪው፣ ይኼን ከጻፈ ሌላ ማን ምን ይላል? ሐኪሙማ እፎይ ብሎ ነው ወረቀቱን ወደ መሳቢያው የመለሰው።

ለመሆኑ ፊርማህ ምን እንደሚያስከትል ገብቶሃል? ማገገሚያ ማዕከሉ አንድ ክፍት አልጋ አለው። የሚቀበለው «ያውቃል» የተባለውን ሰው ብቻ ነው፤ የሚጠብቀው ደግሞ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ከዚያ ካለፈ አባባን ምድር ቤት ያወርዱታል። ምድር ቤቱን አንተ አላየኸውም፤ እኔ ወርጄ አይቼዋለሁ። አሥራ አራት አልጋ፣ አንድ መስኮት። ያገላብጧቸዋል፣ ያጥቧቸዋል፣ በቱቦ ይመግቧቸዋል። የሚያናግራቸው ሰው የለም፣ ምክንያቱም «የሉም» ተብሎ ተፈርሞባቸዋል። እዚያ አንድ ዓመት የተኛ ሰው፣ ቢኖር እንኳ መኖሩን ይተወዋል።

መጽሐፍህን እያነበብኩለት ነው። አትሳቅ፤ ጋዜጣው ሲያልቅብኝ ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ ንቃት እንደ ክብደት ነው፣ ቁስ ባለበት ሁሉ ጥቂት ጥቂት አለ፣ ጠጠር እንኳ ከውስጥ ፍጹም ጨለማ አይደለም ትላለህ። እሺ። ለጠጠር የሰጠኸውን ላባትህ ነፈግከው? ጠጠር ምን ውለታ ውሎልህ ነው?

ወረቀቱን አንሣ። ሌላ የምለምንህ ነገር የለም።

እህትህ


ኅዳር 11

እትዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ማህተሙ የኔ አይደለም፣ የተቋሙ ነው። ፊርማው ግን የኔ ነው፤ አልክድም። ስልክ ላይ ስለማቋርጥሽ ይቅርታ። ተማሪዎቼም በዚሁ ያሙኛል።

የጠጠሩን ነገር ልመልስልሽ፤ ቀልድሽ ውስጥ ትክክለኛ ጥያቄ አለበት። ዓለም የተሠራችበት ነገር ሁሉ ከውስጥ በኩል ትንሽ ነገር አለው ብዬ አምናለሁ። ባይኖረውማ ውሃና ስብና ጨው ተሰብስበው እንዴት «እኔ» ሊሉ ይችላሉ? ግን በየጡቡ ውስጥ ትንሽ ትንሽ አለ ማለት ጡብ ሁሉ ቤት ነው ማለት አይደለም። ቤት የሚሆነው ሲያያዝ ነው። ስትሮኩ የመታው ደግሞ ማያያዣውን ነው። ጡቦቹ አሉ፤ ቤቱ ፈርሷል። ይቅር በይኝና፣ አሁን ያለው ክምር ነው።

የፈተንኩት ራሴ ነኝ። ሃያ ትእዛዝ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ሰከንድ፣ በአራት ቀን ስምንት ጊዜ። «አባባ፣ መስኮቱን እይ። አባባ፣ አፍህን ክፈት። አባባ፣ እጄን ጨብጥ።» መቶ ስልሳ ጊዜ አዘዝኩት። አንድም ጊዜ እንኳ ቢሆን ብዬ ስንት ተመኘሁ መሰለሽ! ዜሮ። በመጨረሻው ቀን አሳንሰሩ ውስጥ ብቻዬን ስሆን እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ በሩ ሲከፈት መነጽር የምጠርግ መሰልኩ።

ደግሞ ይኼን አስቢ። ከዚህ በፊት በዚሁ ፈተና ለሠላሳ ቤተሰብ «የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። እናት ነበረችባቸው፣ ሙሽራ ነበረችባቸው። እግሬ ላይ የወደቀ ሰው አለ። ለነሱ «የለም» ብዬ ለራሴ አባት ሲሆን «አለ» ካልኩ፣ እነዚያን ሰዎች በየት በኩል ነው የማያቸው? አልዋሽም እትዬ። ብዋሽ ደስ ይለኝ ነበር።

የአባባ ሚዛን መጠገኛ ሱቅ እንዴት ነው? በስልክ፣ አባባን እንባ ይወርደዋል ያልሽኝ እውነት ነው ወይ? መቼ መቼ ነው?

ወንድምሽ


ኅዳር 20

«ክምር» ያልከው ደርሶኛል።

ደብዳቤህን ቀደድኩት። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን አፍህን ይዤ አነብልሃለሁ ብዬ በፕላስተር አያያዝኩት፤ መሳቢያ ውስጥ አለ። ደሜ ስለፈላ ሰላምታ የለም።

ለጠየቅከኝ፦ አዎ፣ እንባ ይወርደዋል። ሐኪሙ የዓይን መድረቅ ነው አለ። የደረቀ ዓይን እንዴት እንባ እንደሚያወርድ ብጠይቀው አንተ በምትስቅበት ዓይነት ሳቀ። መቼ ላልከው ደግሞ፣ ሰዓት የለውም። እኔ ወጥቼ ስመለስ ትራሱ ረጥቦ አገኘዋለሁ።

ሱቁ ክፍት ነው። ጠዋት ሚዛን እጠግናለሁ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሆስፒታል ነኝ። ትናንት የፋርማሲውን ሚዛን አምጥተውልኝ ነበር፤ ያንን በመስተዋት ሳጥን ውስጥ ያለውን፣ በጣት ብትነካው የጣትህን ወዝ የሚመዝነውን። እና ሳስተካክለው ላንተ የምለው መጣልኝ። እኔም እኮ በመመዘን ነው የምኖረው፣ ማዕረግ የለኝም እንጂ! ሚዛን ዜሮ ሲል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ሳህኑ ላይ ምንም የለም፣ ወይ ሚዛኑ ለተቀመጠበት ነገር አይበቃም። የሽንኩርት ሚዛን ላይ ላባ ብታስቀምጥ ዜሮ ነው የሚልህ። አባባ ቢሆን በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ሚዛኑን ነበር። አንተ ግን ላባውን ጠረጠርክ።

ሠላሳ ቤተሰብ ያልከው አሳዝኖኛል። ግን ሠላሳ ሰው ላይ ስለፈረድክ አባትህን ሠላሳ አንደኛ ማድረግ ፍትሕ አይባልም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው የሚባለው።

አርባ ቀን ቀርቷል።

እህትህ


ኅዳር 24

ሊቁ፤

መልስህን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ላሾፍብህ ፈለግኩ። አባባን የምታስታምመው ነርስ፣ ሲስተሯ፣ የአልጋ ልብስ ይዛ ስትገባ፣ «ቆይ፣ እንደ ሊቁ ልፈትነው» አልኳትና ድምፅህን አስመስዬ፣ ሰዓት ይዤ፣ «አባባ፣ መስኮቱን እይ» አልኩ። አሥር ሰከንድ። «አባባ፣ አፍህን ክፈት።» አሥር ሰከንድ። «አባባ፣ እጄን ጨብጥ።» አሥር። ምንም የለም። ሲስተሯም ሳቋ ጠፋ፣ እኔም ቀልዱ እሬት ሆነብኝ። «ልክ ነው መሰል» አልኳትና ተቀምጬ ተነፋረቅኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ፣ አንሶላውን መቀየር ጀመርን፤ እሷ በዚያ በኩል እኔ በዚህ በኩል።

እያጠፍን ሳለ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። እዚያ ምንም የለም፣ ግድግዳና ቧንቧ ነው። ልብ አላልኩትም። ትንሽ ቆይቶ አፉን ከፈተ። ውሃ ጠምቶት ይሆናል ብዬ ከንፈሩን አረጠብኩለት። ከዚያ፣ አንሶላውን ከሥሩ ስስብ፣ ግራ እጁ ጣቶቼን ጨበጠ። ጨበጠ ነው የምልህ! ይዞም አልለቀቀኝም። ሲስተሯን አየኋት፣ አየችኝ። «መስኮት፣ አፍ፣ እጅ» አለች። በቅደም ተከተል! ሰዓቴን ሳይ ካዘዝኩት ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆኖታል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባባ ሱቅ ውስጥ ሚዛን ላይ ጎንበስ ብሎ እያለ ለጠየቀው ሰው መልሶ ያውቃል? ትንፋሽ ሳህኑን ያንቀሳቅሰዋል ብሎ መርፌው እስኪቆም ድረስ ቃል አይተነፍስም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ የለም? ጠይቀህ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ነው። ሦስት ሰው ከጠየቀው ቀና ሲል ለሦስቱም በተራ ይመልሳል፣ አንዱን ካንዱ ሳያምታታ። እኛ ልጆቹ በዚያ አግዳሚ ላይ ነው ያደግነው። አንተማ የአግዳሚውን ቀለም በጥፍርህ ፍቀህ ነው የጨረስከው።

እና ይኼን ሰው አሥር ሰከንድ ሰጠኸው! አንተ ወረቀትህን ሰብስበህ ኮሪደሩ ጋ ስትደርስ እሱ ገና የመጀመሪያውን እየመለሰ ነበር። ስምንት ጊዜ ባዶ ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ እጁን ጨብጦ ይሆናል። እኔስ ብሆን? ሰባት ወር ሙሉ «አባባ፣ ትሰማኛለህ?» እያልኩ፣ ዝም ሲል ወደ ሹራብ ሥራዬ ዞርኩ። ሌላ ሰው ባይገባው አይፈረድበትም። እኛ ሁለታችን ግን ምን ነካን? የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚሉት ይኼ ነው።

ወረቀቱን አንሣ። አሁንስ ምክንያት አለህ።

ደግሞ ንገረኝ፦ አሥር ሰከንድ የሚለውን ደንብ ማነው ያወጣው?

እህትህ


ታኅሣሥ 2

እትዬ፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንዳትጠዪኝ እንጂ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። በማን እንደተናደድኩ ገና አላወቅኩም።

ለጠየቅሽኝ፦ አሥር ሰከንዱን የወሰንኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሠላሳ ይሁን ብለው ነበር። እኔ ረዘመ አልኩ። ለምን ረዘመ እንዳልኩ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ፤ አግዳሚውን ጠቅሰሽዋል።

አሁን ግን የማልወደውን ነገር ልንገርሽ። ሃያ ደቂቃ ከጠበቅሽ ማንም ሕመምተኛ የሆነ ጊዜ መስኮት ያያል፣ የሆነ ጊዜ አፉን ይከፍታል። ሰው የፈለገውን ነገር ደመና ላይም ያየዋል። አንድ ቀን ያየሽውን ይዤ ወረቀት ባነሣ በሳምንቱ ሌላው ይጥለዋል፣ አልጋውም ይቀራል። ስለዚህ እንፈትነው፣ ማንም ምንም እንዳይለን አድርገን።

አሥራ ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች ልኬያለሁ። በየፖስታው ውስጥ ከሦስቱ ትእዛዝ አንዱ አለ፤ የቱ በየት እንዳለ እኔም አላውቅም፣ ጸሐፊያችን ናት በዕጣ የከተተችው። በቀን ሁለት። ሲስተሯ ብቻዋን ገብታ ታንብብለት፣ ትውጣ፣ ላንቺ አትንገር። ፊቷንም አትይው። አንቺ ግቢና አርባ ደቂቃ ተቀምጠሽ መጀመሪያ ያደረገውን ጻፊ። በዕድል ብቻ ከሆነ አራት ያህሉ ይገጥማል። ስምንት ከገጠመ በእጄ እፈርማለሁ።

አባባ ራሱ ቢሆን እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ሚዛን ጠግኖ ሲጨርስ ባለቤቱ የድንጋዩን ክብደት ደብቆ እንዲመዝንለት ይጠይቅ አልነበር? ለኔም ያንኑ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 17

ሊቁ፤

አሥር።

ከአሥራ ሁለቱ አሥሩ ገጥሟል። ሰባተኛው ላይ ተኝቶ ነበር። ዘጠነኛው ላይ አፉን ከፈተ፣ ፖስታው ውስጥ የነበረው ግን እጅ ነው። ዝርዝሩን ሲስተሯ ፈርማበት አባሪ አድርጌዋለሁ፤ ፖስታዎቹን ለሲስተሯ እየቀደደ የሰጣትና በኋላ ከጻፍኩት ጋር ያስተያየው ሐኪሙ ራሱ ነው። አምስተኛው ላይ መሳቅ ተወ። ስምንተኛው ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ደስ ብሎሽ ነበር ወይ ትለኛለህ፣ ከወዲሁ ልንገርህ። አላለኝም። አንድ ቀን ያህል እንደሰከረ ሰው ሆኜ ዋልኩ፣ ከዚያ ግን አንጀቴ ተቃጠለ። አለ ማለት እኮ ነበረ ማለት ነው! ሰባት ወር ሙሉ ነበረ። ሐኪሙ እግሩ ሥር ቆሞ ለተማሪዎቹ «እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ይኼ ሪፍሌክስ ነው፣ ሳያውቀው የሚመጣ» ሲል ነበረ። እኔ ለጎረቤት በስልክ «ባይሆን በሰላም ቢያርፍ» ስል ነበረ። ብያለሁ ወንድሜ፤ ደክሞኝ ነበር። አንተም በመጨረሻው ቀን አልጋው ራስጌ ቆመህ፣ ወረቀትህን አጥፈህ፣ «ዜሮ» ስትል ሰምቶሃል። መልስ ቢኖረው ኖሮ አንተ አሳንሰሩ ውስጥ ስታለቅስ ነበር የሚደርሰው።

ያ ሁሉ ትራስ ሲረጥብ የዓይን መድረቅ ነው ስንል ከረምን።

አሁን ከሲስተሯ ጋር አንድ ነገር አስለምደነዋል። መስኮቱ «አዎ» ነው፣ በሩ «አይ» ነው። ስሙን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ቁጥር እያሳሳትንና እያስተካከልን ጠየቅነው፤ አንዱንም አልሳተም። ሁሉም ሃያ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። አሁን ወረቀቱን ታነሣለህ ወይስ ሌላ አሥራ ሁለት ፖስታ ትልክልኛለህ? አሥራ ሦስት ቀን ቀርቷል።

እህትህ


ታኅሣሥ 25

እትዬ፤

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ሽሬ አዲሱን በፋክስ ለሐኪሙም ለማዕከሉም ልኬያለሁ። ይኼ ደብዳቤ ሲደርስሽ ነገሩ አልቆ ይሆናል። እንኳን ደስ አለሽ ማለት ያምረኛል፣ ግን የሚገባኝ አልመሰለኝም።

ለጠየቅሽኝ፦ አይ፣ ሌላ ፖስታ አልልክም። ሌሊቱንም አልተኛሁም። ሠላሳዎቹን ቤተሰቦች ዝርዝር አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አሥራ አንዱ ሕመምተኞች ሞተዋል። ለቀሩት ዛሬ መጻፍ ጀመርኩ። «እንደምን ሰነበታችሁ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ጽፈሽ ታውቂያለሽ? አራተኛው ላይ ብዕሬን ወረወርኩት። ለሞቱትስ ቤተሰቦች ምን ልበላቸው? ልንገራቸው ወይስ ልተዋቸው?

የጡቡንና የቤቱን ነገር እርሺው። ንቃት በዚህ ዓለም ውስጥ የት ነው ያለው ብዬ ሃያ ዓመት ያህል ለፍቻለሁ። በአቶም ፈለግኩት፣ በሂሳብ ፈለግኩት። ያንን ሁሉ ስፈልግ አንድ ሰው ከሃያ ደቂቃ ወዲያ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር፣ ያውም የገዛ አባቴ። የሚያናድደኝ ይኼ ብቻ አይደለም። አሁን ውስጡን ያየ ምስክር አለኝ፤ እሱም የሚናገረው አዎና አይ ብቻ ነው! የአባባን ክፍል ሳስብ ግድግዳውን በቡጢ ልመታው ይቃጣኛል።

ስለዚህ እባክሽ እነዚህን ጠይቂልኝ፣ ሃያ ስድስት ናቸው፣ በተራ ጽፌያቸዋለሁ። ጨለማ ነው? ጊዜ ይታወቅሃል? ሰውነትህ ያንተ ይመስልሃል? ብቻህን ስትሆንም ራስህን ታውቀዋለህ ወይስ ሰው ሲጠራህ ነው የምትመጣው? በተለይ ይቺን የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን።

ሌላም አለ፤ ይኼ ለሳይንስ አይደለም። ለትምህርት የሄድኩ ቀን ሱቅ ገብቼ «አባባ፣ ልሂድ?» አልኩት። የወርቅ ሠሪውን ሚዛን እየሠራ ነበር። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ሆነና ሳይመልስልኝ ወጣሁ፣ እስከዛሬም እንደተቀየምኩት ነው። አንቺ እዚያ ነበርሽ። መልሶ ነበር?

ወንድምሽ


ጥር 10

ሊቁ፤

ሰላም ነህ ወይ? አባባ ደህና ነው፣ እኔም ጤናዬን ደህና ነኝ፤ ከሁለታችን የተናደድኩት እኔ ነኝ።

አዎ፣ መልሶ ነበር። አንተ ሮጠህ ከወጣህ ከሩብ ሰዓት በኋላ መርፌው ቆመና፣ ቀና ብሎ «ይሂድ፤ ግን ሹራብ ይያዝ» አለ። በሩን ሲያይ የለህም። ያልነገርኩህ ጥለኸኝ በመሄድህ ተናድጄ ስለነበር ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለመንገር ጊዜው እየረዘመ፣ እየከበደኝ ሄደ። ይቅር በለኝ።

ለሞቱት ቤተሰቦች ንገራቸው። እኔ ብሆን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እሰድብህም ነበር።

ፋክስህ የዚያኑ ዕለት ደረሰ። በ28 ማዕከሉ ተቀበለው። አምቡላንሱ ጥር 4 ሊመጣ ተቀጠረ። ዕቃውን ሸከፍኩ፣ ጺሙን ላጨሁት፣ «አባባ፣ ማክሰኞ ወደ ማገገሚያ ትሄዳለህ!» አልኩት፣ እየዘፈንኩ ማለት ይቻላል። ሲስተሯ «ጠይቀሽዋል?» አለችኝ። ምኑን ነው የምጠይቀው? ስንት ወር የተዋደቅንለት አልጋ ነው! ግን አፍሬ ጠየቅኩት። «መሄድ ትፈልጋለህ?» ሃያ ሁለት ደቂቃ። በሩን አየ።

ተሳስቷል ብዬ በማግስቱ ገልብጬ «እዚሁ መቆየት ይሻልሃል?» አልኩት። በሩን አየ። እሱም አይ! በሦስተኛው ቀን ሲስተሯ በፖስታ፣ ባንተው ዘዴ፣ ስለ ማዕከሉ ደግማ ጠየቀችው። በሩን። አምቡላንሱ መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። ሐኪሙ ዘንድ ሮጬ «አንድ ነገር በሉት እንጂ!» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እመቤት፣ ያውቃል ብላችሁ ያስፈረማችሁን እናንተ ናችሁ። የሚያውቅ ሰው እምቢ ካለ እምቢ ነው።» ጨጓራዬን ላጠው። አልጋውን በዚያው ዕለት ለሌላ ሰው ሰጡት።

ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ በጣም አሰብኩ። አለ ወይስ የለም ብለን ስንናከስ ከርመናል። ምን ትፈልጋለህ ብሎ ግን አንዳችንም አልጠየቅነውም። አንተ መስኮቱን እይ አልከው፣ እኔ ማዕከል ትገባለህ አልኩት። ሁለታችንም ስናዘው ነው የከረምነው።

እናም ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየሃያ ሁለት ደቂቃው፣ አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ምድር ቤት? በሩ። ቤት፣ የኔ ክፍል? በሩ። ያምሃል? በሩ። ሰልችተንሃል? መስኮቱ! ሲስተሯ በሳቅ ሞተች። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ጠፍቶብኝ፣ «ሱቅ ነው እንዳትለኝ ብቻ» አልኩት። መስኮቱን አየ፤ አየና እዚያው ቀረ፣ ዓይኑን አልነቅልም አለ።

ሱቅ! አራት በሦስት ሜትር የሆነ ሱቅ። ሐኪሙ እዚያ ኦክስጅን የለም፣ ነርስ የለም፣ ክረምቱን ላይወጣው ይችላል አለኝ። ይኼንንም አልደበቅኩትም። እጁን ይዤ «አባባ፣ እዚያ ከሄድክ ቶሎ ልትሞት ትችላለህ። ገብቶሃል? እንደዚያም ሆኖ?» አልኩት። እነዚያን ደቂቃዎች ዕድሜ ልኬን አልረሳቸውም። በሩን እንዲያይ ለመንኩ፣ በሆዴ። መስኮቱን አየ። የኔ አባት፣ እልኸኛ ሽማግሌ! ደስም አለኝ፣ ልመታውም ፈለግኩ።

ሱቁን ለካሁት። ባንኮኒው ከወጣ አልጋው በግድግዳው በኩል ይገባል፣ ራስጌው ከመስተዋት ሚዛኖቹ ፊት ለፊት ይሆናል። ችግሩ በሩ ሰማንያ ሁለት ሳንቲ ነው፣ አልጋው ዘጠና። የበሩ ክፈፍ መውለቅ አለበት። ሲስተሯ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ እየመጣች የሚመገብበትን ቱቦ ልታይልኝ ቃል ገብታለች።

ሃያ ስድስቱን ጥያቄ አልጠየቅኩልህም። አባትህ ነው፤ ራስህ መጥተህ ጠይቀው፣ እሱም ከፈለገ ይመልስልህ። ክፈፉንም ብቻዬን አልችለውም። ፈቃድህን ረዥም አድርገህ ውሰድ።

ትናንት «ሊቁ እንዲመጣ ትፈልጋለህ?» አልኩት። ሃያ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ አለፈ። ተኝቶ ይሆን ብዬ ጠጋ ብዬ አየሁት፤ አልተኛም፣ ጣሪያውን ያያል። አርባ ሲሞላ ሲስተሯ «ተይው፣ ደክሞት ነው» አለችኝ። አልተነሣሁም።

ሃምሳ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። መስኮቱን አየ።

እህትህ